ኪኒኗን ለእመቤታችን የሰጠችው ሯጭ

ተቀመጡ። እግር መሰብሰብ፥ ማንሾካሾክ መተው። ተአምር ሲነገር ወዲያ ወዲህ አይባልም። የሚያስለው ካለ አፉን በነጠላው ይያዝና ያስል፤ ነገሩ ራሱ የሳል ነገር ነው። አንቺም ልጄ እስክሪብቶሽን ያዢና እንደምናገረው ጻፊው፥ አታሳምሪብኝ።

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን። ሰማይና ምድር የማይችሉትን በጀርባዋ አዝላ የተሰደደች የእመቤታችን የቅድስት ድንግል ማርያም ተአምር ይህ ነው፤ ለትርሲት በመንገድ የደረሰችላት ለእኛም በየመንገዳችን ትድረስልን።

በመንዝ ምድር፥ ጎሽ ሜዳ በሚሉት ብርዳም አገር፥ ትርሲት የምትባል ልጅ ነበረች። የክርስትና ስሟ ወለተ ጽዮን ነው። እናቷ በሕፃንነቷ ሞታባት አባቷ ጋሽ በላቸው ናቸው ያሳደጓት፤ ይህችም ልጅ ከዓለሙ ሁሉ ሁለት ነገር መርጣ ትወድ ነበር፥ እመቤታችንንና ሩጫን። ዕለት ዕለት ጎሕ ሲቀድ ትነሣና የእመቤታችንን የዕለት ጸሎት በቃሏ ትደግማለች፥ ከዚያም ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሄዳ ትሰግድና ደጁን ትስማለች፥ ከዚያ በኋላ ነው እግሯ ለሩጫ የሚነሣው። ዝናብ ይሁን ውርጭ፥ ደጅ ሳትስም ሮጣ አታውቅም፤ ስእለቷ ነበር። የመንደሩ ሴቶች "አንቺ ልጅ፥ እመቤታችንን አንድ ቀን እንኳ ተኝታ እንድታረፍድ ተያት" እያሉ ይቀልዱባታል፤ እሷ ትስቅና ዳገቱን ሽቅብ ትወጣዋለች።

አንድ ጊዜም በወረዳው ውድድር ሁሉንም ጥላ ስትገባ ከከተማ የመጣ አሰልጣኝ አያትና ወደ ሩጫ ክበቡ ወሰዳት። እዚያም ብርቄ ከምትባል ልጅ ጋር አንድ ክፍል ደረሳት። ብርቄ የቆላ ልጅ ናት፤ ለእናቷ ለእማማ እናኑ አንድያ ናት፤ እናቷ "ሩጫ ሳንባ ይጨርሳል" ብለው ቢከለክሏት ሳትነግራቸው የወጣች፥ አፏ የማያርፍ፥ ሳቅ የማይጠፋባት ልጅ። ክፍላቸው ጠባብ ነው፥ የከተማው ብርድ ደግሞ አጥንት ይበላል፤ ስለዚህ መስኮቷን በጨርቅ ወትፈው፥ አንዷ የሌላዋን ትንፋሽ እየሞቀች ይተኙ ነበር። ጥፋቱ የገባው እዚያች ክፍል ውስጥ ነው።

ትርሲት መሳል ጀመረች። ላቧ አንሶላውን እስኪያርስ ድረስ ያልባታል፥ እህል አስጠላት፥ ጉንጯ ጎደጎደ። እንግዲህ በገበሬ ቤት ሰው ሲከሳ "ምን አገኘው?" ይባላል፤ በሯጭ ቤት ግን የከሳ ይመሰገናል። አሰልጣኙም አያትና "አሁን ገና ሯጭ መሰልሽ፥ ቀለል አልሽ" አላት። የታመመ እንደሚሰናበት ታውቃለችና ሳሏን በብርድ ልብሱ ውስጥ አፍና ትስል ነበር። አንድ ጠዋት ልምምድ ላይ አፏን ይዛ ስትስል መዳፏ ላይ ደም አየችና በሣር ጠረገችው። ብርቄ አይታታለች።

"ምንድነው እሱ?"

"ነስር ነው።"

"በአፍ የሚወጣ ነስር ደሞ የት አገር አለ? እናንተ መንዞች ነገራችሁ ሁሉ ግልብጥ ነው" አለችና ሳቀች ብርቄ። ሳቋን ሳትጨርስ እሷንም ሳል ያዛት። ትርሲት ያን ሳል ሰማችው፤ ሰምታም ዝም አለች።

ከዚያም በአንድ ውድድር የመጨረሻው ዙር ላይ ትርሲት ትንፋሿ ተቆረጠና ወደቀች። ወደ ሕክምና ወሰዷት፥ አክታዋ ቢታይ የሳንባ ነቀርሳ ሆኖ ተገኘ፤ ብርቄም ብትመረመር ያው። ክበቡ "ድናችሁ ኑ" ብሎ አሰናበታቸው። ብርቄ እናቷን ፈርታ ወደ ቆላ አልሄድም ስላለች ሁለቱም ወደ ጎሽ ሜዳ፥ ወደ ጋሽ በላቸው ቤት ገቡና በወረዳው ጤና ጣቢያ መድኃኒት ጀመሩ። ሲስተር ንግሥት የምትባል ነርስ ኪኒኑን እየሰጠች እንዲህ ስትል አስጠነቀቀቻቸው፥ "ይህ በሽታ ይድናል። ግን ጠዋት ጠዋት በባዶ ሆድ ነው፥ አንድም ቀን አይዘለልም። ሲሻላችሁ 'ዳንን' ብላችሁ ከተዋችሁት፥ ተመልሶ ሲመጣ ይህን ኪኒን ይንቀዋል። ሽንታችሁም ይቀላል፥ እንዳትደነግጡ።"

ሽንታቸው ቢቀላ ብርቄ "እኔስ ጠጅ ቤት ልከፍት ነው" እያለች ትርሲትን ታስቃት ነበር። ብቻ መድኃኒቱ ያዘላቸው። ሳሉ ጋብ አለ፥ እህል ተስማማቸው፥ ጋሽ በላቸውም "ዋጣችሁ?" ሲሉ "ዋጥን" ይላሉ፤ እውነታቸውን ነበር። ትርሲት ደጅ መሳሟን ጀመረች፥ ቀስ ብላም ዳገቱን መሮጥ አማራት።

ነሐሴ ገባና የእመቤታችን ጾም ፍልሰታ ሆነ። የመንዝ ልጅ በፍልሰታ እንዴት እንደሚሆን ታውቃላችሁ፤ ከአጥር የማይደርሰው ሕፃን ሳይቀር ይጾማል፥ ይቆርባል፥ ከቅዳሴ በፊት ውኃ በአፉ አይዞርም። ትርሲትም ከወይራ ውኃ ማርያም ጠበል ወርዳ ሱባኤ ልትይዝ ቆረጠች፤ ብርቄም ልትከተላት። ታዲያ ሊወርዱ ሲሉ ትርሲት ኪኒኑን በእጇ ይዛ ቆመች።

"የእመቤቴን ጾም በውኃና በኪኒን ልሽር?" አለች።

"ሲስተሯ አንድም ቀን አይዘለል አላለችም?"

"ሲስተሯ የምታውቀው ስለ ሳንባ ነው።"

"እና የታመመው ምናችን ነው?" አለች ብርቄ።

"እመቤቴ ታውቃለች።"

ብርቄም ጥቂት አሰበችና "እሺ። ከሷ ጋር የምትተዋወቂው አንቺ ነሽ" አለቻት።

እዩት እንግዲህ፤ ከጥጋብ የመጣ ስሕተት አይደለም፥ ከፍቅር የመጣ ነው፥ ቢሆንም ስሕተት ነው። የንስሐ አባት አልጠየቁም፥ ሐኪም አልጠየቁም። አጥማቂው መምሬ ላቀው "ምናችሁን አመማችሁ ልጆቼ?" ሲሏቸው፥ የሳንባ በሽታ ስሙ ያሳፍራልና "ብርድ ነው አባቴ" አሏቸው። ከዚያም ትርሲት ከቤተ ክርስቲያኑ በር ካለው ሙዳየ ምጽዋት ፊት ሰገደችና ያላትን ኪኒን ሁሉ በቀዳዳው ጨመረችው። "እመቤቴ፥ ይኸን ስለ ፍቅርሽ ትቼልሻለሁ። አድኚኝና ደግሞ ልሩጥ" አለች። ብርቄም የሷን ይዛ ትንሽ ዘገየች። ከዚያ ጨመረችው።

ጾሙ ተጾመ፥ ተቆረበ፥ ሁለቱም ደህና ነበሩ። "አያችሁ፥ ዳንን" ይሉ ነበር። ፍልሰታ ሲፈታ ግን ወደ ኪኒኑ አልተመለሱም፤ ጳጉሜን ደረሰ፥ የጳጉሜን ጠበል እንዴት ይቀራል ተባለ፤ መስከረም ጠባ፥ ሳሉ ተመለሰ። ሳሉ ሲመለስ ትርሲት ወደ ሲስተሯ ለመሄድ ፊቷን ከየት ታምጣው? "ጽጌን ጾመን እንሂድ" አለች። ጽጌ እመቤታችን ልጇን ይዛ ወደ ግብጽ የተሰደደችበት ወራት ነው፤ አበባው በየሜዳው ሲፈነዳ እነሱ በጠበሉ ጎጆ ውስጥ ተኝተው ደም ይተፉ ነበር።

ብርቄ ፈጥና ተዳከመች። ያ ሁሉ ወሬዋ ተቆረጠ። አንድ ጠዋት የማኅሌቱ ድምፅ ከላይ ሲሰማ ትርሲትን በእጇ ዳሰሰችና "መስኮቱን ክፈቺው" አለቻት። ጎጆው መስኮት የለውም። "የክበቡ መሰላት" ብላ ትርሲት አለቀሰች። "ክፈቺው እንጂ፥ ምን ብለን ነው የወተፍነው?" አለችና ብርቄ ዝም አለች፤ በዚያው ዝም አለች።

እዚያው ደብር ቀበሯት። እናቷ እማማ እናኑ ከቆላ በእግራቸው የደረሱት አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ነው። መቃብሩ ላይ ቁጭ ብለው ዋሉና ሲነሡ ወደ ትርሲት መጡ፥ ራሷን ዳበሱና "ልጄን ያስታመምሽልኝ፥ አንቺ ባትኖሪ በማን እጅ ትወድቅ ነበር፥ ማርያም ትስጥሽ" ብለው መረቋት። ያ ምርቃት እንደ እሳት ነበር። ትርሲት እውነቱን አልነገረቻቸውም።

ከዚያ ወዲያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። እህል ተወች፥ ጠበል ተወች። የዕለት ጸሎቷንም ተወች፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ሳትተው የኖረችውን። "ምን ብዬ ልጥራት? ፍቅሬ ሰው ገደለ" አለች በልቧ። ጋሽ በላቸው መጥተው "ወደ ሐኪም እንሂድ ልጄ፥ በቃሬዛ ላስይዝሽ" ቢሏት "ተወኝ አባዬ፥ እኔም ከብርቄ አጠገብ" ብላ መለሰቻቸው፥ እሳቸውም ሰው ሊለምኑ እያለቀሱ ወጡ። እንግዲህ ይህች ልጅ በበሽታው ብቻ አልነበረም የምትሞተው። መዳንን አልፈልግም ብላ ነው።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፥ ሁሉም ወደ ቅዳሴ ሄዶ ጉም ሸለቆውን በሞላው ጊዜ፥ አንዲት ሴት ልጅ አዝላ ወደ ጎጆዋ ገባች። እግሯ የሩቅ መንገድ አቧራ ለብሷል፥ ከንፈሯ ደርቋል። ትርሲት ጠበልተኛ መሰለቻት። ሴትዮዋ ጎንበስ ብላ መዳፏን ዘረጋች፤ በመዳፏ ላይ ያ በሙዳየ ምጽዋት የገባው ኪኒን አለ።

"ይህን ለማን ሰጠሽ?" አለቻት።

"ለእመቤቴ።"

"እኔ አልታመምኩም" አለች ሴትዮዋ።

ትርሲት ያን ጊዜ አወቀቻት። ከመኝታዋ ሆና ግንባሯን መሬት አስነካች። እመቤታችንም "ልጄ በባለሙያ እጅ ላንቺ ላከልሽ፥ አንቺ መልሰሽ ለኔ። ይህን ልጅ ይዤ በበረሃ ስሸሽ ውኃ ጠምቶኝ ለምኜ ጠጥቻለሁ። ውኃ በማን ጾም ነው በታመመ ሰው ላይ የተከለከለው?" አለቻት።

ትርሲትም ድምፅዋ እየተቆራረጠ "ብርቄስ?" አለች።

እመቤታችን አለቀሰች። ያዘለችውን ልጅ በነጠላዋ አጥብቃ አሰረችና፥ እንባዋን ሳትጠርግ "ተነሺ፥ ተከተይኝ" ብላ ወጣች።

ትርሲት ወጣች። እንዴት እንደ ወጣች አታውቀውም። ከወይራ ውኃ እስከ ጤና ጣቢያው ያለው ዳገት ለጤነኛ እንኳ ምላስ የሚያስወጣ ነው፤ እሷ ደግሞ ከጎጆ በር መድረስ ያቃታት ናት። ሴትዮዋ ከፊቷ በጉሙ ውስጥ፥ ልጅ እንዳዘለ መንገደኛ በዝግታ ትሄዳለች። ትርሲት በሕይወቷ ከፊቷ የሄደን ሁሉ ስትይዝ የኖረች ልጅ ናት፤ ይህችን ግን አልደረሰችባትም። ስትፈጥን ያው ነው፥ ስትዘገይ ያው ነው። ስትወድቅ ግን ሴትዮዋ ፊቷን ሳታዞር ትቆማለች፤ ተንፏቃ እስክትነሣ ትጠብቃታለች፤ ስትነሣ ትሄዳለች። ደም ተፋች፥ ሄደች። በእንብርክክ ሄደች። ከገበያ የሚመለሱ ሰዎች አግኝተዋት "አንቺ ልጅ ብቻሽን ወዴት ነው?" ሲሏት "ብቻዬን አይደለሁም" ብላ አለፈቻቸው፤ እነሱም ትኩሳት ነው የሚያናግራት ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

ጤና ጣቢያው ደጅ ስትደርስ ከፊቷ ማንም አልነበረም። ሲስተር ንግሥት ግን ቁልፏን ይዛ፥ የሥራ ሰዓት አልፎም በር ላይ ቆማ ነበር። ትርሲትን ስታይ እየሮጠች ደገፈቻትና "አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት አሁን ገብታ 'ከኋላዬ የምትመጣ አለች፥ እንዳትዘጊ' ብላኝ ነው የቆየሁት። ውኃ ጠየቀችኝና ልቀዳ ስገባ አጣኋት። ዘመድሽ ናት?" አለቻት። ትርሲት ወለሉ ላይ ወደቀች።

ወደ ትልቅ ሆስፒታል ላኳት። እንደ ተባለውም በሽታው መድኃኒት ለምዶ ነበር፤ ይኸኛው ሕክምና የረዘመ፥ የመረረ ነው፥ የሚወጋም አለው። ጆሮዋ ይጮኻል፥ ያስመልሳታል፥ የዋጠችው ሲወጣ መልሳ ትዋጣለች። ጸሎቷንም ጀመረች፤ የሚሳም ደጅ ብታጣ ኪኒኑ የሚመጣበትን ሳህን ትስም ነበር።

በዚያ ሳለች እማማ እናኑ ሊጠይቋት በሶ ይዘው መጡ። አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ከአልጋው ራቅ ብለው ቆሙ። ትርሲት ከዚያ በላይ መሸከም አልቻለችም፤ ኪኒኑን ማን ተዪ እንዳላት፥ በሙዳዩ ማን ቀድሞ እንደ ጨመረ፥ ብርቄ እንዴት እንደ ዘገየች፥ ሁሉን ነገረቻቸው። እማማ እናኑ በሶውን መሬት አስቀመጡ። ቀና ብለውም፥

"አሁን እርግማን የሚሸከም አካል የለሽም። ዳኚና ነይ። ያን ጊዜ እረግምሻለሁ" ብለዋት ወጡ።

ከጎኗ የተኛችው ልጅ "ሴትዮዋ ምን አሉሽ?" አለቻት።

"ዳኚ አሉኝ" አለች ትርሲት።

ከዚያም ሐኪሙ "ሳንባሽ እንዲከፈት ተንቀሳቀሺ" ስላላት መራመድ ጀመረች። መጀመሪያ በአልጋዎቹ መካከል፥ ቆይቶም በግቢው ባሕር ዛፍ ሥር። እዚያ የተኙ ወጣቶች ብዙ ነበሩና አንድ ሁለት እያሉ ተከተሏት፤ ሽፋናቸውን አድርገው፥ ተራርቀው፥ እንደ ሽማግሌ እየተጎተቱ ይዞራሉ። ኳስ ተጫዋች የነበረ አንድ ቀልደኛ "መጨረሻ የገባ የሁላችንንም ሳህን ያጥባል" ብሎ ሕግ አወጣ፤ ሕጉን ያወጣው እሱው ሲያጥብ ሰነበተ። በሩጫ ልቡ ያልሞተ ሰው መድኃኒቱንም አይሰለችም፤ ሊተው የነበረ ስንቱ በዚያ ዙር ምክንያት ቀጠለ። ሁሉም አልዳኑም። አንዳንዱ ዙሩ ላይ ይጎድልና ቦታውን ባዶ ትተውለት ይዞሩ ነበር።

በመጨረሻ ትርሲት "ነጻ ነሽ" ተባለች፥ የግራ ሳንባዋ ላይ ግን ጠባሳ ቀረ። ወደ ክበቡ አልሄደችም፥ ወደ አባቷም አልሄደችም፤ በቀጥታ ወደ ቆላ ወረደች። እማማ እናኑ ደጃቸው ላይ ማሽላ ያበጥሩ ነበር።

"ዳንሽ?"

"ዳንኩ።" ተንበረከከችና "ያሉኝን ልቀበል መጥቻለሁ" አለች።

እማማ እናኑ ሰፌዱን አስቀመጡ። "ተነሺ። እስከዚያች ቁልቋል ድረስ ሩጪና ተመለሺ" አሏት። "ልጄ ስትሮጥ አይቻት አላውቅም። ከልክያት ነበር።"

ትርሲት ሮጠች። አሮጊቷ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው አዩ። ስትመለስ ጀርባዋን አዞሯትና ጆሯቸውን በትከሻዎቿ መካከል አስጠጉ፥ ዓይናቸውንም ጨፍነው ብዙ አዳመጡ።

"በግራ በኩል ያፏጫል" አሉ።

"ጠባሳ ነው እማማ።"

"ይቆይ። እሱ የብርቄ ነው።"

ትርሲት እርግማኑን ትጠብቅ ነበር። እማማ እናኑ ግን ሰፌዳቸውን መልሰው አነሡና "ለከርሞም ነይ፥ ደግሞ እሰማዋለሁ" አሏት።

እሷም በየዓመቱ በጽጌ ወራት ትወርዳለች፥ ትሮጣለች፥ ያዳምጧታል። ውድድርም ገብታለች፤ አንደኛ አልወጣችም፥ ግን ገብታ ጨርሳለች። መምሬ ላቀው ነገሩን በሰሙ ጊዜ በጠበሉ ቦታ ቆመው "ጾም ለታመመ አልተጻፈም፤ መድኃኒት ያላችሁ በጠበሉ ዋጡት እንጂ ስለ ጠበሉ አትተዉት" ብለው አወጁ፥ ዛሬም እዚያ ጠዋት ጠዋት ሰው ኪኒኑን በጠበል ሲውጥ ይታያል። ትርሲትም ያዳናትን እግዚአብሔርንና በፊቷ የሄደችላትን እናቱን እያመሰገነች ትኖራለች፤ ስትስቅ ግን ብዙም አትታይም።

እንግዲህ ይህን የሰማችሁ ሁሉ፥ የታመመ ያለባችሁ ይማርላችሁ፥ የሞተባችሁ ነፍስ ይማርላችሁ። የወላዲተ አምላክ ረድኤት በዳገታችሁ ሁሉ ከፊት ከፊታችሁ ይሂድ፥ ስትወድቁ ይቁምላችሁ፥ ልጆቻችሁን ከክፉ ደዌ፥ ከችኩል ስእለት፥ ከሚያሳፍር ዝምታ ይጠብቅላችሁ፥ ደግሞም በመጨረሻዋ ሰዓት በ... ማነው? ምን? ዝናብ መጣ? ገብሱ እኮ ደጅ ተሰጥቷል! መጣሁ፥ መጣሁ። አንቺ እዚያው ላይ አቁሚው፥ እናንተም አሜን እያላችሁ ቆዩኝ፥ በመጨረሻዋ ሰዓት ደግሞ እመቤታችን...